አጸደ፣ አፀደ፣ ዐጸደ

በባንክ ደብተሯ በፀሐዩ ፀ ተጽፋለች፤
በቀበሌ መታወቂያዋ በጸሎቱ ጸ ዝቅ ብላለች፤
ሰበካው በሰጣት ወረቀት ግን፣ ዓይን አውጥታ፣
በዓይኑ ዐ ትጀምራለች።
ሦስቱንም ይዤ አራዳ ምድብ ችሎት ብደርስ
የመዝገብ ቤቷ ልጅ ቀና ሳትል፣ ወረቀቷን ስታተራምስ፣
«እህቴ፣ እነዚህ ሦስት ሴቶች ናቸው፤
የሞተችው የትኛዋ ናት?»

ምን ልበላት?
የሞተችውማ አንዷ ናት።
ዶሮ ማነቂያ፣ ከሥጋ ቤቶቹ ጀርባ፣
አርባ ዓመት በሲንጀሯ ላይ አጎንብሳ
የሰው ሱሪ ስታሳጥር፣ የሰው ቀሚስ ስታጠብ፣
ክር በጥርሷ በጥሳ፣
መርፌ በከንፈሯ ይዛ የምታወራ፤
ለዚያ ነው መሰለኝ ብዙ ያልነገረችን።
በዐጸደ ሥጋ ስሟን ያጣራላት አልነበረም፤
በዐጸደ ነፍስ ፊደል የሚለይ ጸሐፊ መቼም አይታጣም።

ቤቱ የቀበሌ ነው፣ አይወረስም፤ ደግሞም ፈርሷል፤
አልጋዋ በነበረበት ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አበባ፣ አምፖል በቅሏል።
የቀረው አሥራ ዘጠኝ ሺህ ብር ከነሳንቲሙ፣
ሲንጀሯ፣ የዕድር ካርኒ፣
አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ደግሞ፣ በቁልፍ የተሞላ፤
የሸሚዝ ነው፣ የካፖርት ነው፤
በር የሚከፍት አንድ እንኳ የለበትም።

ወረዳ ሄድኩ፤ ወረዳው ተዛውሯል።
የተዛወረበት ሄድኩ፤ ሲስተም የለም።
ማግስቱን ሲስተም መጣ፤ ሰውየው ስብሰባ ነው።
ሐሙስ ሰውየውም ሲስተሙም ተገናኙ፤
መብራት ሄደ።
«ታገሺ» አለኝ ጥበቃው፣ «ሟች እንደሆኑ አይቸኩሉም።»

ዛሬ ችሎት። ሦስት ምስክር፦
ጋሽ ሽብሩ የዕድሩ ዳኛ፣ ቡልቻ ባለ ሥጋ ቤቱ፣
እማማ ድንቄ፣ ግድግዳ የተጋሩ ከጥንቱ።
ማሉ፤ አጸደም አፀደም ዐጸደም አንዲት ሰው ናት አሉ፤
ዳኛዋ ጻፉ፤ ሦስቱ አክስቶቼ ባንድ መስመር ተጠቃለሉ።
ከዚያ፣ ብዕራቸውን ሳያነሡ፦
«ሟች ልጅ አልነበራቸውም?»

«አልነበራትም» ጋሽ ሽብሩ። «አላየሁም» ቡልቻ።
እማማ ድንቄ ወለሉን አዩ፣ ወለሉን ብቻ።

ቦርሳዬ ውስጥ ካርድ አለ፤ ከቁልፎቹ ሥር ያገኘሁት፤
ለደጀኔ፣ ለወንድሜ፣ ትናንት ማታ ያሳየሁት።
ሚያዝያ ሰባ አንድ። የሕፃኑ ስም፣ ምትኩ።
የእናት ስም፣ ዐፀደ፤ በአራተኛ አጻጻፍ፣
ከሦስቱ ያንዷም ባልሆነ መልኩ።
ሁለት ክትባት፣ ሁለት ማኅተም።
የሦስተኛው ቀጠሮ ቦታ ባዶ ነው፤
የመጣም የለ፣ የቀረበትን ያሰፈረም።

ደጀኔ በክርኑ ጎሸመኝ። ማታም ብሎኛል፦
«የማይመጣ ሰው አትጥሪ፤ መዝገብ እንደሆነ ሰው ይበላል።»
እውነቱን ነው፤ አንድ ቃል ነበር የቀረን፣ «የለም»፤
ከዚያ ማኅተም፣ ከዚያ ባንክ፣ ከዚያ የሐውልቷ ቀለም።

«ነበር» አልኩ።
«በሕይወት አለ?» «አላውቅም፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»
«ሞቷል?» «አላውቅም።»
«ታዲያ ምን ማስረጃ አለዎት?»
«ሁለት ክትባት።»

ለኅዳር አሥራ ሁለት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ተቀጠረ።
ደጀኔ ሳያናግረኝ ቸርችልን ቁልቁል ተወረወረ።
እማማ ድንቄ ግን ደረጃው ላይ እጄን ጨበጡ፤
ምንም አላሉም፤ ጨብጠው ቆዩ፣ ከዚያ ተቀመጡ።

እኔም ይኸው፣ ጤና ጣቢያው መዝገብ ቤት፣ አቧራ ውስጥ፤
ሌላ ልጅ፣ ሌላ መስኮት፦
«የልጁ ስም በየትኛው ነው የሚጻፈው?» ትለኛለች።
ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፤
ም። ት። ኩ።
ሞክሼ የላቸውም።
«እንደሚሰማው ነው» አልኳት፤
እሷም ጻፈችው።