የቱቦው ሌላኛው ጫፍ

ሲልቬሪዮ ወንድሜ፣ ዐሣ ፍለጋ ሲጠልቅ ባሕር፣
ቢጫ የላስቲክ ቱቦ በጥርሱ ነክሶ ነበር፤
ከታንኳዋ ላይ ጎማ መንፊያ ሞተር እየተንተከተከ፣
ናፍጣ ናፍጣ የሚል አየር ቁልቁል ወደሱ እየላከ።

እኔ የቱቦ ጠባቂ፣ ዐሥራ አራት ዓመቴ፣
እንዳይታጠፍ፣ እንዳይቋጠር፣ እሱ ነበር ጭንቀቴ፤
እታች ያለውን አላየውም፤ ብቻ በመዳፌ ሥር
የሚያልፈው ትንፋሹ ይል ነበር ትር፣ ትር።

አንድ ማክሰኞ ነዳጅ አለቀ።
ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ዝም አለ፤ ቱቦው ደረቀ።
ሲልቬሪዮም ከአርባ ሜትር፣ እንደ ቡሽ ተስፈንጥሮ፣
ወጣ ከነነፍሱ፣ እግሮቹን እታች ቀብሮ።

ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ሞልቶኛል። በኢሎኢሎ ከተማ
ኮሌጅ እገባለሁ ማለዳ፤ ነጭ የደንብ ልብስ፣ ነጭ ጫማ።
«የመተንፈስ ሕክምና ነው» ብዬ ለጎረቤት ብናገር፣
«ይኼንንም ይማሩታል ወይ? ሕፃን የሚያውቀውን ነገር!»

ይማሩታል።
የጋዝ ሕግ፣ የደም አሲድ፣ የሳንባ ቧንቧ ሃያ ሦስት ጊዜ ሲከፈል፣
እናቴ ደግሞ ከዐሣ ቅርጫቷ፣ ሳንቲም በሳንቲም ስትከፍል።

ወይዘሮ ማግባኑዋ፣ መምህራችን፣ መነጽሯ በገመድ፣
የላስቲክ ሰው አጋደመችልኝ፣ ፊኛ ልጨምቅ ልለማመድ።
ጨመቅሁ። ደግሞ ጨመቅሁ። ቸኮልሁ።
ለላስቲክ አዝኜ፣ አየር አብዝቼ ሰጠሁ።
ቀይ መብራት፤ ጩኸት።
«ፍሎርዴሊሳ፣ ቸርነትሽ ይገድላል!
መስጠት ግማሹ ነው፤ ጠብቂ፤ መመለስ ይከተላል።»

ከዚያ ወዲህ በጂፕኒ፣ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን ስንሄድ፣
የሰው ደረት እቆጥራለሁ፣ ሲነሣ፣ ሲወርድ።
ሾፌሩ ዐሥራ ስድስት፤ ያቺ የምታንቀላፋ መነኩሲት ዐሥራ አንድ፤
ሕፃኑ ግን አርባ ስምንት፣ ከነፉጨቱ፤
ምን ብዬ ልንገራት? «አንቺ ማን ነሽ?» ብትለኝስ እናቱ?

ማታ ጥናቴ በሲልቬሪዮ ጀርባ ላይ ነው።
ማዳመጫዬን በመዳፌ አሙቄ ሳሳርፈው፣
«በኮሌጃችሁ አየር ኪሎው ስንት ነው?» ይላል፣ መረቡን ጠግኖ፤
«በኛ ጊዜ ናፍጣም ነበረበት፣ ቅመም ሆኖ!»

የመጋቢት ፈተና፣ ጥያቄ ዐሥራ ሰባት፦
«ጠላቂ ከጥልቅ በድንገት ሲወጣ፣
በደሙ ያለው ናይትሮጅን ምን ይሆናል?
በሁለት መስመር አብራሪ።»
ሁለት መስመር።
ማክሰኞን በየትኛው ላግባው?
«አረፋ ይሆናል» ብዬ ጻፍሁ። «አረፋውም የደም መንገድ ይዘጋል።»
ሁለት ከሁለት አገኘሁ።
ወረቀቱን ለሲልቬሪዮ አላሳየሁትም።

የልምምዴ ሌሊት፣ አልጋ ስድስት፣ የሸንኮራ ቆራጭ ሽማግሌ፤
ዘጠኝ ቀን መሣሪያ ተንፍሶለታል። ዛሬ ቱቦው ይወጣል በኔ።
ወይዘሮ ማግባኑዋ ከኋላዬ።
«አባቴ፣ ያስሉ» አልሁት፤ ሳብሁ፤ ቱቦው ወጣ።
ከዚያ ዝምታ መጣ።
እጄ ወደ ፊኛው ሄደ። ማንም አልተናገረም።
ጠብቂ።
አንድ።
ሁለት።
ደረቱ ተነሣ፣ በራሱ፣ እንደ አሮጌ በር እየተንሲጠሲጠ።
የመጀመሪያ ቃሉ «ጫማዬስ?» ነበር።

ኮሪደሩ ላይ እፎይ ስል፣ ተረኛዋ ነርስ ሳቀች፦
«ስንት ሰዓት ይዘሽው ነበር?»
ዐሥራ አምስት ዓመት ነው። አልነገርኋትም።

ቅዳሜ የጎረቤቱ ልጅ፣ ቢጫ ቱቦ በትከሻው ጠምጥሞ፣
«ተሰንጥቆ እንደሁ እይልኝ» አለኝ፣ ደጃፋችን ቆሞ።
ቱቦውን ተቀብዬ ወደ ጎን አኖርሁ።
«ቁጭ በል፤ ተንፍስ» አልሁ።
ሲልቬሪዮ መረቡን ተወ።
መቁጠር ጀመርሁ።