መሪው ደረቀ

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የአዳማ ነፋስ
ቆርቆሮ ሲያንኳኳ፣ አቧራ ሲያፍስ፣
ሁለት ክንዴ እስኪዝል ታግዬ ታግዬ
የአባቴን ላንድሮቨር ጋራዥ አስገባኋት፣ “ድረሱልኝ” ብዬ።

“ምን ሆነች?” አለ ጋሽ ቱፋ፣ እጁን በናፍጣ እያለቀለቀ።
“መሪው አልታዘዝ አለ፤ ደረቀ፤ በጣም ደረቀ።”
ጎሚስታው ልጅ ሰምቶ ከሥራው ቀና አለ፦
“ኧረ ቀስ፣ እህቴ! ሰው ይሰማሽ የለ?
‘መሪ ደረቀ’ አይባል፤ ‘ጥቂት ከበድ አለ’።”
ጋራዡ ተንከተከተ። ጋሽ ቱፋ አልሳቀም፤
የታመመች መኪና ቅኔ አያሽራትም።

ወባ ማጥፊያ ሳለ አባቴ የነዳት፣
ከወንጂ መተሐራ መርጫና በርሜል የጫነባት፣
ኋላም ሐራጅ ወጥታ ማንም ሰው ሲንቃት
የጡረታ ብሩን ቆጥሮ የገዛት፣
“አንቺዬ” የሚላት፣
(እናቴን እንኳ እንዲህ ሲል ያልሰማሁት)
ቆማለች እነሆ፣ አንገቷ ደንድኖ፣
እኔም ከጎኗ ነኝ፣ መዳፌ በድኖ።

ጋሽ ቱፋ ኮፈኗን አልከፈተም ቶሎ፤
ጎማዋን ረገጠ፣ ዳሰሰ ዝቅ ብሎ።
“መሪ የከበደው ሰው ሽቅብ ሽቅብ ያያል፤
ስንቴ ግን ከታች ነው፣ ነፋስ ጎድሎት ይሆናል።”
ነፋሱ አልጎደለም። ክሪክ ከስሯ ሰዶ
አነሳት በፊቷ፤ ጎማው ተንጠለጠለ አየር ላይ፣ በባዶ።
“አሁን አዙሪው እስቲ።” አዞርኩ። ያው ነው፣ ያው ነው።
“እንግዲህ ከመሬት አይደለም፤ የውስጥ ነው።”

የመሪውን ሳጥን ከፈተ በኋላ፤
ዘይቱ ጢም ብሏል፣ ያበራል እንደ ወለላ።
“አባትሽ ይወዷታል፤ እዚህ ጋ አልረሷትም፣
በየወሩ ጠብ ጠብ… ግን ይሄ አላዳናትም።”
ዘንጉን ከዘንግ ነቅሎ፣ ሁለቱን ለያየና፣
“ንኪው” አለኝ መሪውን፤ ባንድ ጣት ዞረና!
ከዚያ ጎማውን ገፋ፤ እሱም ዞረ፣ ደህና።
“ከላይ ያለው ጤና፣ ከታች ያለው ጤና።
ታዲያ ማን አጣላቸው?”
አለና በደረቱ ገባ፣ በራዲያተሩ ስር፣
ባትሪ በአፉ ነክሶ። ብዙ ቆየ፣ ሳይናገር።

“ይቻትና አቀባይ!
ጣሳ የምታህል፣ ሻንሲው መሃል ያለች፣ ለዓይን የማትታይ፤
የላዩን ቃል ሰምታ ለታች የምታደርስ፣
ሰላሳ ዓመት ሙሉ ጠብታ ሳትቀምስ።
ሁሉም የሚያፈሰው ከላይ ነው ዘይቱን፤
ማን ጠይቆ ያውቃል የመሃሉን ጥሙን?”

“ራቁ!” አለ ሲፈታት። “ውስጧ ሞላ አለ፣ ታፍኖ የኖረ፤
ቸኩሎ የከፈታት ስንቱ ጥርሱ ረገፈ፣ ስንቱ ተሰበረ።”
በሽቦ አሳስሮ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣
ሞላውን ለቀቀው፣ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣
እንደ ሰው ቁጣ።
በናፍጣ ነክሮ አሳደራት። ጠዋት ስመጣ
የሰላሳ ዓመት ዝገት ዝቃጭ ሆኖ ከጣሳው ስር ወጣ።

በፍራንኮ በኩል፣ ከባጃጁ መሃል፣
ወደ ቤት ስነዳት ሰው ዞሮ ያየኛል።
ባንድ እጄ ነው የነዳሁ። ሌላው ሥራ ፈቶ
እንደ እንግዳ ተቀመጠ፣ መስኮቱ ላይ ተዘርግቶ።
ያኔ ትዝ አለኝ አባቴ፣ ማታ ማታ፣
ትከሻውን ቪክስ ሲቀባ፣ “እርጅና ነው” ሲል፣ በዝግታ።
ከበደችኝ አላለም።
አንድም ቀን፣ ለማንም።

ከበረንዳው ወርዶ ገባ። ቁልፏን አዞረ።
ክንዱን አዘጋጀ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ እንደ ኖረ፤
የለመደውን ሸክም ሊገፋ በጉልበት።
መሪው ግን ላባ ሆኖ ጠበቀበት።
“አንቺዬ” ባንዴ ዘወር፣ ባንዴ እጥፍ ብላ
ፓፓያው ላይ ወጣች፣ አጥሩን ጥላ።

ሞተሩ ጠፋ። አንድ ፍሬ ኮፈኑ ላይ ወድቆ ፈረጠ።
አባቴ መዳፉን ገልብጦ አየ፤ ዝም አለ፤ ደነገጠ፤
ከዚያም ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ።
“ለካስ” አለ፣ “ለካስ የእኔ ክንድ አልነበረም የደረቀ።”