የእርሳስ መስመር

ቤርገን ላይ ዝናብ ነው፣ ዛሬም እንደ ትናንት፤
መስኮቱ ያለቅሳል፣ ማንም ሳይሞትበት።
ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ካርታው ተዘርግቷል፤
አንዱን ጥግ የጨው ዕቃ፣ አንዱን የስኳር ጣሳ ተጭኖታል፤
ሦስተኛው ግን እንቢ ብሎ፣
ቤቱ እንደናፈቀው እንግዳ ብድግ ቁጭ ይላል።

ካርታው የሲቨርት ነው፤ የአረጋውያኑ ቤት፣ ክፍል ዘጠኝ።
አንሶላውን ስቀይር፣ መርከበኛነቱ ትዝ ሲለው፣
«ያ ባሕር» ይለኝ ነበር፣ «ሞቅ ያለ ነው፣ እንደ ሰው እጅ።»
እንደ ሰው እጅ!
የእዚህን ባሕር በጣቴ ነክቼው አውቃለሁ፤
ገንዘብ እንዳበደሩት ሰው ሰላምታ ነው፣
ቀዝቅዞ ቶሎ የሚሸሽ።
በጥቅምት ሞተ። ካርታውን ለእኔ ብሎ ነበር።

አውላቸው መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ሰቅሎ፣
አሥራ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ጣቱን አስከትሎ፣
በባሕሩ ዳር ዳር፣ በአስፋልቱ ይነዳል፤
ከተማ ሲደርስ ቀስ ይላል፣ ተሳፋሪ ያወርዳል።
«ካርታሄና ሁለት ሌሊት፣ ግንቡን አይተን፣ ሙቀቱን ለምደን፤
ሳንታ ማርታ አራት ሰዓት፣ መንገዱ ከተዘጋ አምስት፣ ስንቃችንን ይዘን፤
ከዚያ ፓሎሚኖ፣ ወንዙ ከተራራ ወርዶ ባሕር የሚገባበት፤
ከዚያ ሪዮአቻ። ከዚያ ወዲያ በረሃ ነው፣ ሰዓት የማይታመንበት።»
ሰዓት የማይታመንበት አገር ለእሱ ያው ገሃነም ነው፤
ቢሆንም ጻፈው።

እኔ ሰዓት አልጽፍም። ከተሞቹን እንደ ሴቶች ነው የማስባቸው፤
የአንድ አባት ልጆች፣ እናታቸው ለየቅል፤
አንዷ በረንዳ ላይ ቆማ፣ መንገደኛ እያየች ስትኳል፤
አንዷ ዓሣ አጥማጅ አግብታ፣ እጇ መረብ መረብ ይሸታል፤
አንዷ ሌሊቱን ጨፍራ፣ እስከ ቀትር ራሷን ያማታል፤
የመጨረሻዋ ነፋስ ያሳደጋት፣ ለማንም ፊት የማትሰጥ።
ለእሷ ነው የጓጓሁት። እሷ ዘንድ ምን ተለብሶ ይኬዳል?
«ነጠላ ያዢ» ይላል አውላቸው፣ ዓይኑን ከካርታው ሳያነሳ፤
«ለአሸዋም ይሆናል።»

የብስኩት ጣሳው ውስጥ የሦስት ክረምት ገንዘብ አለ፤
ለየካቲት ይበቃል፣ ዘመድ ካልታመመ፣ ስልክ ካልተደወለ።

ከዳር ራቅ ብላ ግን አንዲት ደሴት አለች፣
በሲቨርት እርሳስ ሁለት ጊዜ የተከበበች።
በጀልባ ሠላሳ ደቂቃ።
የአውላቸው ጣት እዚያ ሲደርስ ያልፋታል፤
«ፌርማታ የላትም» ይላል።

እኔም አልጠየቅሁም።
ስንጋባ የነገረኝ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፦
ሌሊት ነበር። ጀልባው የጎማ ነበር። ጥቂቶቻችን ደረስን።
አራተኛውን ዝናቡ ሲያባራ ይነግረኛል ብዬ፣
ቤርገን ላይ እጠብቃለሁ።
ወደ ወደቡ የሚወርደውን መስመር
ለባልደረባው ለውጦ እንደሚሰጥም አውቃለሁ፤
እንዳላወቀ ሰው ሆኜ ሻይ እቀዳለሁ።

እኔም የደበቅሁት አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ፣
«ተረኛ ነኝ» ብዬ ወጥቼ ዋና እማራለሁ፤
በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ብርቱካናማ ፊኛ ክንዴ ላይ አስሬ፣
ከአምስት ዓመት ሕፃናት ጋር ተሰልፌ።
አንዷ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ «አይዞሽ፣ አትፍሪ» ብላኛለች።
የክሎሪኑን ሽታ በሎሚ ሳሙና አጥቤ እገባለሁ።

ዛሬ ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወጣ፣
የመጀመሪያውን አውቶቡስ ሊነዳ።
ካርታው እንደተዘረጋ ነው፤
እንቢ ባዩ ጥግ ላይ ስኒው፣ ግማሽ ሻይ እንደያዘ።
መብራት አበራሁ።
ከዳር እስከ ደሴቲቱ ቀጭን የእርሳስ መስመር፤
ተሰምሯል፣ በላጲስ ተፍቋል፣ እንደገና ተሰምሯል፤
ወረቀቱ እዚያ ላይ ሳስቷል።
ከጎኑ፦ «ሠላሳ ደቂቃ?»
ከሥሩ፣ በዚያ በተጠጋጋ የሹፌር ጽሕፈት፦
«ማክሰኞ ስንት ሜትር ደረስሽ?»

ቆሜ ሳቅሁ፤ ከዚያ ተቀመጥሁ።
የእርሳሱን ጫፍ በምላሴ አርሼ ጻፍሁ፦
«አሥራ ሁለት። ከዚያ ጠርዝ እይዛለሁ።»