ውሃ ልክ

«ኮርኒሱን አትመን» አለኝ ደርሶ በያጅ፣
«ለዓይን የተወጠረ፣ ለሸክም የማይበጅ።
እሱን ቀደን አልፈን ሶሌታውን እንያዛ፤
ራስ ላይ የሚሰቀል አይሠራም እንደ ዋዛ።»

ቤታችን ሳሙና በር፣ ከመንገዱ ዝቅ ይላል፤
ሐምሌ ሲብስ ጎርፉ ጋራዡን «ቤቴ» ይላል፤
በበሩ ሥር ሾልኮ ሳያንኳኳ ይገባል፣
ጎማውን ያጥባል፣ ካርቶኑን ይስባል።
አምና የይታይሽን የካርታ ጥቅል አገኘ፤
ሃያ ስድስት ዓመት ሰሌዳ ላይ ተሰቅሎ ስንቱን ልጅ የዳኘ።
ዓባይ ቀለሙ ለቆ ከመስመሩ ወጣ፣
ሱዳንን አልብሶ ቻድ ድረስ መጣ።
እሷ አላለቀሰችም፤ አህጉሩን በሙሉ
ከካልሲዬ ጎን አሰጣችው፤
ሲደርቅ ተጨማዶ ተራራ ሆነ ሁሉ፣
«ራስ ዳሸን በዛ» አለች፤ ጠቅልላ አቀፈችው።

እንጨት ይሁን ብረት? አንድ ወር ተከራከርን፤
ቅዳሜ ገበያ ዞረን አጣናውን ቆጠርን።
«ባህር ዛፍ ርካሽ ነው።» ይህን ምስጡም ያውቃል።
«ሽቦ መረብስ?» ይረግባል፣ ውሎ አድሮ ይለቃል።
በስተመጨረሻ ቱቦላሬ፣ አርባ በአርባ፣
ስድስት እግሩ ሽቅብ የቆመ፣ ሶሌታ ውስጥ የሚገባ።
ደርሶ በጠመኔ ወለሉ ላይ ሲስለው
የተገለበጠ አልጋ መሰለኝ።

ከፍታውን ስለካ መኪናዋን አየና
ራሱን ነቀነቀ፦
«የኋላ በሩን ክፈት፤ መኪና አይለካም ተዘግቶ፤
እንደ ሰው ነው፣ ቁመቱ የሚታወቅ አፉን ከፍቶ።»
ከፈትኩት። ካሰብኩት መስመር አንድ ስንዝር አለፈ።
ዝም ብዬ ጠመኔዬን በክርኔ አጠፋሁ።

መሰላሉን ወጣሁ፣ ሊቬላው በብብቴ፣
ፊሸሩ በጥርሴ፣ ላቡ ባንገቴ፤
ትራፓኖው ጮኸ፣ አቧራው ዓይኔን ሞላ፣
አንደኛው ቀዳዳ ደህና ገባ። ሁለተኛው ላይ፣ ገና ሲጋመስ፣
መብራት ሄደ።
ሶሌታውን ልደግፍ ክንዴን ከፍ ሳደርግ ብብቴ ላላ፤
ሊቬላው ሲሚንቶው ላይ አረፈ፣ ብርጭቆው ተሰበረ፣
አረንጓዴው ጠብታ ፈሰሰ፤ አረፋው የት እንደገባ እንጃ።
ይታይሽ ከደጅ ሆና ሳቋ ቀድሟት መጣ፦
«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችዋስ
ቢያንስ ቆጥ ነበራት!
አንተ ገና ሳትሠራው?»

ደርሶ የስልኩን መብራት ግድግዳው ላይ ጣለ።
ከጉልበት ዝቅ ብሎ አንድ ቡናማ መስመር አለ፤
አራቱንም ግድግዳ የሚዞር፣ አንድ ቦታ የማይዛነፍ።
«ይህን ማን አሰመረው?»
«አምና የገባው ጎርፍ።»
ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው። በጥፍሩ ፋቀው፣ ጭቃው ረገፈ።
«ታዲያ ሊቬላ ምን ሊጠቅመን? ውሃ ሲተኛ አይዋሽም፤
ግንቡን የሠሩት ሰዎችም ይህን ሳያውቁ አልቀሩም።
ሜትሮውን ያዝልኝ፣ ከዚህ ሽቅብ እንቁጠር።»

ከመስመሩ ወደ ላይ አንድ ሜትር ከሰባ፣
ስድስት ቦታ ለካን፣ ስድስት ቦታ ምልክት።
መብራቱ ሲመለስ ብሎኑ ተራ በተራ ገባ፣
ዳዶው ጠበቀ፤ ደርሶ በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት፣
እግሩን አጥፎ፣ እንደ ልጅ፣
እኔ «በቃ፣ ውረድ» እስክለው ድረስ።
ዓባይን ያፈሰሰው ውሃ
ለዓባይ መኝታ ልክ ሰጠ።

ሐምሌ ገባ። ሌሊት ዘነበ፣ ጎርፉም እንደ ልማዱ መጣ፤
ጎማው ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ቆሟል፣ ካርታው ከላይ ተኝቷል።
ግድግዳውን ልቀባ አንድ ባልዲ ነጭ ቀለም ገዝቼ ነበር፤
በነጋታው ፈለግሁት፣ አጣሁት።
ይታይሽ መሰላሉን ራሷ ተደግፋ ወጥታ
ቆጡ ላይ አስቀምጣዋለች፣
ከካርታዎቹ ኋላ፣ እጄ ከማይደርስበት ጥግ።
«መስመሩ ያስፈልገናል» አለችኝ፣
ጫማዋን ከጭቃው እየነቀለች።