ጆሮ ለሁለት ሲካፈል

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በሦስት ፈረቃ፣
ድርና ማግ ስቆጥር፣ አሉኝ “እማማ፣ በቃ።”
ጆሮዬ ላይ ቀርቷል የማሽኑ ጩኸት፣
እጄ ግን ሥራ ፈት፣
ዓይኔ ግን ሥራ ፈት።

እናም በፈቃዴ፣ ያላንዳች ሳንቲም፣
ከዓባይ መውጫ ላይ፣ ከሾላው ግድም፣
አቅርቦ ማያ መነጽር ካንገቴ አንጠልጥዬ፣
የሃምሳ ሉክ ደብተር በብብቴ ይዤ፣
እንግዳ አስተናግዳለሁ፣
ጉማሬ እቆጥራለሁ።

ጉማሬ ሲቆጠር ገላው አይታይም፤
ውሃ የዋጠውን ቶሎ አይናገርም።
ብቅ ያለ ጆሮ ነው፣ ጆሮ ለሁለት ሲካፈል።
“አፍንጫስ?” ይለኛል ጥበቃው ምንይችል።
አፍንጫ አላምንም፤
ወንዝ የሚወስደው ግንድም አፍንጫ አለው።

ከደብረ ማርቆስ ሙሽሮች መጡ ከነሚዜያቸው፤
ለፎቶ ቢጠጉ ክንዳቸውን ይዤ ወዲህ ሳብኳቸው።
“ልጄ፣ እዚህ አትቁሚ። ይህ የተኛው ሣር
የሷ የማታ መንገድ ነው፣ ከደጃፏ በር።”
የአራተኛ ክፍል ተማሪ፣ ጥርሱ የወለቀ፣
“እትዬ፣ ሌሊትስ ማን ይቆጥራቸዋል?” ብሎ ጠየቀ።
መልስ አልነበረኝም።
ከረሜላ ሰጠሁት።

መስከረም ሰባት ቀን፣ ገና በማለዳ፣
ቁጥሬ አሥር ላይ ቆመ።
ሸራፊት የለችም፣ ግራ ጆሮዋ የተተለተለው።
ደገምኩ። ሠለስኩ።
እንቦጩን አንድ በአንድ በዓይኔ በረበርኩ።
ፋብሪካ ሳለሁ፣ ክር ሲበጠስብኝ ማሽን አቆም ነበር፤
ወንዝ በምን ይቆማል?

ከሰዓት በኋላ አቶ ጥጋቤ መጣ፣
ዱላው ከትከሻው፣ ጭቃው እስከ ባቱ።
“ስንት አገኘሽ?” አለኝ።
“አሥር።”
“አሥራ አንድ በይ። አንዷ እኔ ዘንድ ናት።
ሌሊት በበቆሎዬ መሐል ቆርቆሮ ብደበድብ
ዞራም አላየችኝ፣
እሸቱን ስትከካ፣ እንደ ባለ ርስት።
ይኸው አሁን ደግሞ ጠግባ ከቦዩ ውስጥ ተኝታለች።”

ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት።
የበላችው የሰው ዓመት ነው።
ጻፍኩ፦ አሥራ አንድ። አንዷ በቆሎ ውስጥ።
በቆሎው የጥጋቤ። የጠፋው አምስት ረድፍ።
አንገቱን አስግጎ፦ “ረድፉንም ትጽፊያለሽ?”
“ቆጣሪ አይደለሁ?”

ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። መነጽሩን ለመነኝ።
ገልብጦ ያዘው፤ አዞርኩለት።
ብዙ ዝም አለ።
“ይህን የሚያህል ሆድ” አለ በመጨረሻ፣
“ጆሮዋ ግን የሕፃን መዳፍ አታክልም።”

ምንይችልን ጠርቼ
የበቆሎውን ነገር ለጽሕፈት ቤቱ እንዲያደርስ ነገርኩት፤
ያደርስ አያደርስ እንጃ።
ለጥጋቤ ግን እርሳስ ዘረጋሁለት፦
“አንተ እንደሁ ሌሊቱን አትተኛ። ቁጠርልኝ።”
“በነፃ?”
“በነፃ።”
ቀና ብሎ አየኝ፣ እንደ እብድ።
እርሳሱን ተቀብሎ ከጆሮው ኋላ ሻጠው፤
መነጽሩን ግን እስካሁን አልመለሰውም።