ከሳሽ

መሐል ሜዳ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣
የጓሳ ነፋስ የሚበትነው ወረቀት ሲፈልግ፣
ማመልከቻ ጸሐፊው ጋሽ ውብሸት፣
ወረቀቱን በጠጠር አስይዞ፣ እፍ ብሎ ጣቱ ላይ ከብርዱ ብዛት፣
ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣
"ከሳሽ" ብሎ ጻፈኝ።

ትናንት ማታም አክስቴ በሩን ስትከፍትልኝ፣
"ውይ ልጄ፣ ከሳሽ!" ነበር ያለችኝ።
ሁለቱም ልክ ናቸው። መቀነቴ አንድ ዙር ጨምሯል፤
የቃል ኪዳን ቀለበቱም፣ ሳሙና ሳልቀባው፣ እንዲያው ከጣቴ ወርዷል።

"ተከሳሽ?"
"ሸዋንግዛው ደምሴ።"
ከነአባቱ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው፤ ባዳ ሆነብኝ ለራሴ።
"ግንኙነታችሁ?"
ዝም ስለው፣
"አበዳሪና ተበዳሪ" ብሎ ራሱ ሞላው፤
ሰባት ዓመት የተኛንበትን ባና በሁለት ቃል ጠቀለለው።

"የገንዘቡ ልክ?"
ሰማንያ አራት ሺ ብር።
ስንት በግ እንደተሸለተበት፣ ስንት ሌሊት እንደፈተልኩበት፣
የሞላሌን መንገድ ስንት ባና አዝዬ እንደሄድኩበት፣
ይህን አይጽፈውም ጋሽ ውብሸት፤
ለሱፍ ሽታ ማመልከቻው ላይ ቦታ የለበት።

ለባጃጅ ነበር፤ "የኔም ያንቺም ናት" ላላት።
ሲፈርም እየሳቀ፣ "በኛ መሃል ወረቀት? አይጥ ይብላት!"
ወረቀቷን አይጥ አልበላት፤
ከሁለቱ ምስክሮች ግን አንዱን አፈር በላው፣
ሌላው ዛሬ የዚያችው ባጃጅ ሾፌር ነው።

አክስቴ "ተዪው፣ ለፈጣሪ ስጪው" ትላለች፤
ፈጣሪ ባጃጅ ምን ያደርግለታል?
ሽማግሌዎቹ "ነገር ሲያድር ይቀላል"፤
የኔ ግን፣ ወለድ ሳንዋዋልበት፣ ባደረ ቁጥር ይወልዳል።

እናቱስ? ዛሬም "ምራቴ" ትለኛለች፣
ለፋሲካ በቅል ቅቤ ትልክልኛለች።
መጥሪያው ሲሄድ፣ ከደጃፏ የምትቀበለው እሷው ነች፤
ፊደል አልቆጠረች፣
"ከየሺ የመጣ ነው" ብላ፣ ማኅተሙን ትስመዋለች።

ጋሽ ውብሸት ይመክረኛል፦ "ብትቆዪ በይርጋ ይቀራል፤
ከአሥሩ ዓመት ሦስት ቀርቶሻል።"
ይርጋ?
ወተት ይርጋ፣ የደፈረሰ ወንዝ ይርጋ፤
ይህን ልቤን ማን ያረጋዋል?

ይኸኔ ባጃጇ አለፈች፣ ጭቃ እየረጨች።
ከኋላዋ ያስጻፈው ስሜ ተፍቋል በከፊል፤
"የሺመቤት" ነበረ፣ አሁን "የሺ" ብቻ የሚል።
ቤቱን ፍቆ ሺውን አስቀረ!
ስንት ሺ እንደሆነ ግን ሳይናገር ኖረ።

"ያምናል ወይስ ይክዳል?" አለኝ ጋሽ ውብሸት፣ ብዕሩን እንዳነሳ።
እንባዬ የመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ብሩማ ይረሳ።
ሸዋንግዛው፣
ከዳኛው ፊት ቆመህ፣ ኮፍያህን አውልቀህ፣
"አዎ፣ አለብኝ" በል፣ ሳትስቅ፣ ዓይኔን አይተህ።
እኔ አንድ ጊዜ አምኛለሁ፤
አንተም አንድ ጊዜ እመን።

ፈረምኩ።
መዝገብ ቤቱ ለምሳ ተዘግቷል፣ እስከ ስምንት ሰዓት።
አጥሩ ሥር ተቀምጫለሁ፣ ወረቀቱን ጭኜ፣ ጠጠሩን ከላዩ አኑሬበት።
ነፋሱ ጫፉን ብድግ ያደርጋል፣ መልሶ ይተወዋል፤
እጄም እንደሱ
ያመነታል።