አትሮንሱ የት ይቁም?

ማኮ ትባላለች፤ ሽንኩርት ነው ሽታዋ፣
ማሮሽ የሚሉት ወንዝ ያልፋል በጓሮዋ።
አገሩ ሃንጋሪ፣ ዘመኑ የባቡር፣
ሰው ሁሉ ስለ ነገ የሚከራከር።

ገርገይ የሚሉት አናጢ፣ ሁለት ጣቱ የጎደለ፣
"ከአይሁዶች ምኩራብ ሥራ ተገኘልህ" ተባለ።
"አትሮንሱን ንቀለው፣ ከመሀል አንሥተህ
ወደ ፊት አቁመው፣ ግንቡን አስጠግተህ።"
አሥራ ሁለት ፎሪንት፣ ግማሹ በቀብድ፤
ጋሪውን ጫነና ተነሣ ለመሄድ።

ደርሶ ቢመለከት፣ ሰው በሁለት ቆሟል፤
ግማሹ ኮፍያውን እስከ ቅንድብ ደፍቷል።
ሽማግሌው ዘልማን አትሮንሱን ታቅፎ፣
ጢሙ በጣውላው ላይ እንደ ሐረግ አርፎ፦
"ቃሉ ከመሀል ነው፤ እንደ ምድጃ እሳት
ለዳሩም ለጓዳውም እኩል ነው ሙቀት።
እዚህ ነው ያነበበው የአባቴም አባት፤
ከግንብ አጣብቃችሁ ማንን ልትሰብኩበት?"

ዶክተር አርሚን ደግሞ መነጽሩን እየጠረገ፦
"ማን ጀርባውን ሰጠ? ማንስ ፊቱን ሸሸገ?
ከፊት ሲቆም እኮ ነው ለሁሉም የሚታይ፤
ልጆቻችን ጥለውን እየወጡ አይደለም ወይ?"

ገርገይ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፤
ልቡ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ወደደ።
ገመድ ጣለ፣ ለካ፣ ስንዝር በስንዝር፤
ቁጥሩን በእርሳስ ጻፈው ከጣውላው ሥር።
አሥራ ስድስት ክንድ! ከሲና እስከ ማኮ
ያ ሁሉ በረሃ አልለያያቸውም እኮ።

እሱስ ቢሆን ማነው፣ በሰው ላይ የሚፈርድ?
በነሱም ቤተ ክርስቲያን ጠቡ እንደ እሳት ሲነድ፦
አንዱ "ኦርጋን ይግባ"፣ አንዱ "የጳጳስ ፉጨት!"
ወንድሙ ቦልዲዣር ካኮረፈ ሦስት ዓመት።
በፋሲካ ማዕድ ጽዋው ዞሮ ሲመጣ
ገርገይ የነካውን ጠርጎ ነው የሚጠጣ።

(እኛስ? ሁለት ሰንበት፣ ቅዳሜና እሁድ፣
ስንቱን መነኩሴ ነው ያሰደደው በግድ?
ቅባት፣ ጸጋ፣ ካራ፣ በየደብሩ ደጃፍ፤
አንዲት ቃል አይደለች ያዋጋችን በአፍ?
በአፍ ብቻም አልነበረም።)

ነቀለው። ምስማሩ ጮኸ። ጣውላው ተሰማ።
ዘልማንና ወገኑ ወጡ በጨለማ።
ወለሉ ላይ ቀረ ገርጣ ያለ ቦታ፣
ለመቶ ዓመት ያህል እግር ያልረገጠው ላፍታ።

ከዚያ ሁለት ሆነ ሁሉ፦ ሁለት በግ አራጅ፣
ሁለት መታጠቢያ፣ ሁለት የመቃብር ደጅ።
እኅትማማቾቹን፣ ሬዚን ከፔፒ፣ ባል ለያይቷቸው
በአጥር ላይ ሽንኩርት ብቻ ነው የሚያገናኛቸው፤
ሥጋ አይሻገርም። ሽንኩርት ግን ምን ወገን አለው?

ገርገይ? ያን አሮጌ ጣውላ በርካሽ ገዝቶት
ለዘልማን ወገን ሸጠው፣ በላዩ ሰም ቀብቶት።
ከመንገዱ ማዶ፣ ከመሀል ዳግም ቆመ፤
ዘልማን አየው፤ አወቀው፤ ዝም አለ፤ ሳመ።

ሰባ ምናምን ዓመት ሰላምታ ነፍገው ኖሩ።
በአርባ አራት፣ በበጋ፣ የመጡት ባለ ቆቦች
"አትሮንስህ ከመሀል ነው ወይስ ከፊት?" አላሉም።
ዝርዝሩ አንድ ነበር።
ባቡሩም አንድ።
የሬዚ የልጅ ልጅና የፔፒ የልጅ ልጅ
በአንድ ፉርጎ፣ ከአንድ ባልዲ ውሃ፣
ማን ቀድሞ እንደነካው ሳይጠያየቁ።

ቁልፍ ያዧ ቦርባላ ናት፣ ከገርገይ ዘር የቀረች፤
ሽንኩርት በሚሸት እጇ በሩን ገፋ አደረገች።
ትልቁ ምኩራብ ፈርሷል፣ ከነገርጣው ወለሉ፤
ትንሹ ነው ያለው፣ ከነአሮጌው ጣውላው፣ ከመሀሉ።
"ኦርጋኑስ በእናንተ ዘንድ ገባ?" አልኳት። ሳቀች፤
"ገባ፤ የሚጫወተው ጠፋ እንጂ" አለች።

አጎንብሼ አየሁት፣ ከሥሩ። እርሳሱ ደብዝዟል፤
አሥራ ስድስት ይላል።
"ከየት እስከ የት ነው?" አለች ቦርባላ፣
መብራቱን ይዛልኝ።